ለተኩስ ስልጠና ምን ልታጠቅ? አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የተዘጋጁት ለመጀመሪያ ጊዜ የሽጉጥ ወይም የጠመንጃ ስልጠና ለሚገቡ ነው፤ በተለይ ለጥበቃ ሠራተኞችና ፈቃድ ኖሯቸው ለሚሠለጥኑ የአዳማና የአካባቢዋ ሰዎች። ስለ አተኳኮስ አይደሉም። መሣሪያው እጅ ላይ በማይሆንበት ሰዓት የት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚያዝ ነው። በአንድ የስልጠና ቀን ሰልጣኝ የሚተኩሰው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ሰዓት መሣሪያውን ታጥቆ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ይጎነበሳል። "ማህደር" ስንል የሽጉጥ ማስቀመጫውን ነው፤ አፎት የሚሉትም አሉ። "ካዝና" ስንል ጥይት የሚሞላበትን ነው፤ ካርታም ይባላል።

ለመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ምን ይዤ ልምጣ?

ሽጉጥ ከሆነ ጠንካራ ቀበቶ፣ ለሽጉጡ ሞዴል ልክ የሆነ ማህደር፣ ሦስት ካዝና፣ ሁለቱን ካዝና የሚይዝ ኪስ፣ የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር። ጠመንጃ ከሆነ ማህደሩ ቀርቶ ማንገቻ ይተካል። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል።

ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን አሰልጣኙ ጋ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ። የምንሠለጥነው በየትኛው መሣሪያ ነው? መሣሪያው ከእናንተ ነው ወይስ የራሴን ነው የማመጣው? የማትቀበሉት የማህደር ዓይነት አለ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል። ብዙ አሰልጣኞች በብብት ስር የሚንጠለጠለውን፣ በጀርባ በኩል የሚታጠቀውንና አፉ የሚታጠፈውን ለስላሳ ማህደር ሜዳ ላይ አያስገቡም። ገዝቶ ከመመለስ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

የሽጉጡን ዓይነት ገና አላወቅሁም። ለሁሉም የሚሆን ማህደር ብገዛስ?

አይግዙ። ማህደር "ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ" እየተባለ ሲሸጥ ካዩ ይለፉት፤ የሚሠራው ለአንድ ሞዴል ተለክቶ ነው። ማካሮቭ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ቶካሬቭ ወደ 19.5 ይጠጋል፣ ግሎክ 17 ደግሞ 20 ገደማ ሆኖ ከሁለቱም የወፈረና ጠርዙ አራት ማዕዘን ነው። ማካሮቭን በቶካሬቭ ማህደር ቢከቱት ወደ ውስጥ ይሰጥምና እጀታውን በጣት እየቆፈሩ ያወጡታል። ቶካሬቭን በማካሮቭ ማህደር ቢከቱት ደግሞ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ምላጩ ከአፉ በላይ ተጋልጦ ይቀራል። ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው እጅግ ይከፋል።

ስለ ቶካሬቭ አንድ ተጨማሪ ነገር። ይህ ሽጉጥ በመጀመሪያው አሠራሩ የእጅ ሴፍቲ (መቆለፊያ) የለውም፤ ያለው መዶሻውን (ምላጭ ሲሳብ መትቶ ጥይቱን የሚያስተኩሰውን የኋላ ክፍል) ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥይት አጉርሶ መታጠቅ አይገባም፤ ማህደሩም ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማካሮቭ ከላይኛው ተንሸራታች ብረት በግራ በኩል ሴፍቲ አለው፤ ወደ ላይ ሲደረግ ይቆለፋል። ያም ሆኖ ሴፍቲ አለው ተብሎ ምላጭ የሚያጋልጥ ማህደር አይገዛም።

ጥሩ ማህደርን ከመጥፎ እንዴት ልለየው?

ሱቁ ውስጥ ሆነው አራት ነገር ያያሉ።

አንደኛው የምላጩ ቀለበት ነው። ሽጉጡ ሲገባ ቀለበቱ በሁለቱም በኩል ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። መሸፈን ብቻውንም አይበቃም፤ ሽፋኑ መጠንከር አለበት። ባዶ መሆኑ የተረጋገጠ ሽጉጥ ውስጡ እንዳለ ከውጭ ምላጩ ያለበትን ቦታ በአውራ ጣት ጫን ይበሉ። ምላጩ ሲነቃነቅ ከተሰማዎት ያ ማህደር ሽፋን እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ይመልሱት።

ሁለተኛው አፉ ነው። ሽጉጡ ሲወጣ የማህደሩ አፍ ተከፍቶ መቆየት አለበት። የሚከደን ከሆነ ሰልጣኙ ሽጉጡን ለመመለስ በሌላ እጁ አፉን ሊከፍት ይሄዳል፤ ያኔ የገዛ እጁ አፈሙዙ ፊት ይቆማል። ብዙ ስህተት የሚሠራው ሲመዘዝ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ሦስተኛው አያያዙ ነው። ባዶውን ሽጉጥ ከተው አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ ማህደሩን ገልብጠው ይነቅንቁት። መውደቅ የለበትም። በአንድ እጅ ሲስቡት ደግሞ ያለ ትግል መውጣት አለበት፤ ማህደሩም አብሮ ከቀበቶው መነሳት የለበትም።

አራተኛው የእጅዎ ቦታ ነው። ሽጉጡ ውስጥ እንዳለ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይጨብጡ። መካከለኛው ጣትዎ ከምላጩ ቀለበት ስር ገብቶ ካልተጣበቀ ማህደሩ ጥልቅ ነው። እንዲህ ያለው ማህደር ሽጉጡን በጣት ጫፍ አስጎትቶ አየር ላይ አያያዝ ያስቀይራል።

ቆዳ ይሻላል ፕላስቲክ?

ለስልጠና ብለን አንዱን ምረጡ ብንባል ለሞዴሉ ተቀርጾ የተሠራውን ጠንካራ ፕላስቲክ እንመርጣለን። አፉ አይታጠፍም፣ ላብ አይጠጣም፣ በውሃ ይታጠባል። ጉድለቱ ብሎኖቹ ናቸው። እየተንቀጠቀጡ ይላላሉ፤ አንድ ቀን ማህደሩ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ይገኛል። ሲገዙ ብሎኖቹን ሁሉ ፈትተው ብሎን የሚያጠብቅ ማጣበቂያ ጠብታ አድርገው መልሰው ያጥብቁ፤ ከየስልጠናው በፊትም በጣት ይነካኩ። አዳማ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ባለው ጠፍጣፋ ላይ በቀትር የተተወ ፕላስቲክ ማህደር ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል፤ የሚቀረጸውም በሙቀት ነውና። አንዴ ከተጣመመ በእጅ አስተካክለው አይመኑት።

ቆዳ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ቆዳ አይሆንም። ሞጆ ቅርባችን ስለሆነች "ቆዳ ሞልቷል፣ ላሰፋ" የሚል ብዙ ነው። ሞጆ የሚለፋው በብዛት የበግና የፍየል ሌጦ ነው። የሀገራችን የበግ ሌጦ በዓለም ገበያ ለጓንት የሚፈለገው ቀጭን፣ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ማህደር ላይ ግን ያው ልስላሴ ጠላት ይሆናል። ለማህደር የሚሆነው የከብት ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ። መሃሉ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ካደላ በክሮም የተለፋ ነው፤ ለጫማና ለቦርሳ ይሆናል፣ ቅርጽ ግን አይዝም። ጠርዙ እስከ መሃሉ ቡናማ ከሆነና ሲያጥፉት ከደረቀ፣ በዕፅዋት የተለፋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱ በውሃ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል።

እንዲህ ያለው አዲስ የቆዳ ማህደር ጠብቆ ሽጉጡን አላስገባ ካለ በግድ አይምቱት። ባዶውን ሽጉጥ በሁለት ድርብ ስስ ፌስታል ይጠቅልሉ፣ ማህደሩን ለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ ነክረው ያውጡ፣ ሽጉጡን ያስገቡ፣ በጣት ዙሪያውን ጫን ጫን እያሉ ቅርጹን ያስይዙት። ከዚያ ሽጉጡን አውጥተው ማህደሩን ጥላ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ያድርቁ። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ቆዳ ውስጥ ሽጉጥ አያሳድሩ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከመልፋቱ የቀረ ጨውና አሲድም አለበት፤ ብረቱን ያዝገዋል። የጥይቱ የነሐስ ቀለህም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያወጣል። የድሮ የቆዳ ዝናር ላይ ለወራት የተሰኩ ጥይቶችን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ጨርቅ ማህደርን በአጭሩ፦ ርካሽ ነው፣ አፉ ይታጠፋል፣ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ለአንዱም አይሆንም። ለመጀመሪያ ስልጠና አንመክርም።

መሥሪያ ቤታችን የሰጠን ባለ ክዳኑን የድሮ የማካሮቭ ማህደር ነው። በእሱ መሠልጠን እችላለሁ?

አሰልጣኙ ከፈቀደ ይቻላል። በሥራ ላይ የሚታጠቁት እሱን ከሆነ በእሱ መሠልጠኑ እንዲያውም ይጠቅማል። ይህ ማህደር የተሠራው ሽጉጡን ከአቧራ፣ ከዝናብና ከመውደቅ ለመጠበቅ ነው፤ ለፍጥነት አይደለም። በፊቱ ጠርዝ አንድ ትርፍ ካዝና የሚገባበት ኪስ አለው፣ የመወልወያ ዘንግ ማስገቢያም ይሠራለታል። ለአዳማ ነፋስ ክዳኑ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሽጉጡ ሲመለስ ይመጣል። ክዳኑ በራሱ ይወርድና አፉ ላይ ይተኛል፤ ሰልጣኙ ሳያይ ሲገፋ የክዳኑ ጫፍ ከሽጉጡ ጋር አብሮ ወደ ውስጥ ይገባና ምላጩ ጋ ይደርሳል። ልምምድ ሲጀመር ክዳኑን ወደ ኋላ አጥፈው ከቀበቶውና ከወገብዎ መካከል ይሸጉጡት፤ ሲጨርሱ ይክደኑት። ቆዳው አርጅቶ እንደ ጨርቅ ከለሰለሰ ግን ክዳን ታጠፈ አልታጠፈ ዋጋ የለውም፤ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ።

ቀበቶ ቀበቶ ነው፤ ለምን ሌላ ልግዛ?

ሰው ለማህደር ብዙ ብር አውጥቶ ለሱሪ በተገዛች ስስ ቀበቶ ይታጠቀዋል። ማህደሩ ምን ቢጠነክር ቀበቶው ከተጣመመ ሽጉጡ ወደ ውጭ ይዘምማል፤ ሰልጣኙ ሲመዝ ማህደሩ እስከ ደረቱ ተከትሎት ይመጣል። ስለዚህ በጀትዎ ለሁለቱ ካልበቃ ቀበቶው ይቅደም። ባዶው ማካሮቭ 730 ግራም ነው፤ 8 ጥይት ሲሞላ 800 ያልፋል፤ ሁለት ሙሉ ካዝና ሲጨመር ወገብዎ ላይ ያለው ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። ያ ክብደት ቀኑን ሙሉ አንድ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል።

ወርዱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን የሱሪዎን የቀበቶ ማሳለፊያ ይለኩ፤ 4 ሴንቲ ሜትር የማያሳልፍ ሱሪ ብዙ ነው። ቀጥሎ የማህደሩን ማሳለፊያ ይለኩ። ማህደሩ 5 ሴንቲ ሜትር የሚያሳልፍ ሆኖ ቀበቶው 4 ከሆነ ማህደሩ ላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይወዛወዛል። ሁለቱ ልክ ለልክ መሆን አለባቸው።

ጥንካሬውን የሚፈትኑት እንዲህ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ትተው ቀበቶውን በሁለት እጅ ይያዙና ልብስ እንደሚጨምቁ ያጣሙት። እንደ ፎጣ ከተጠመዘዘ ይተዉት። ከዚያ የጫፉን ጠርዝ ይዩ። ገበያ ላይ ቆዳ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከላይና ከታች ስስ ቆዳ የተለጠፈባቸው፣ መሃላቸው የታመቀ ወረቀት ወይም ካርቶን የሆኑ ናቸው። ላብ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይላጣሉ። ጥሩው ወይ አንድ ወጥ የ4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የከብት ቆዳ ነው፣ ወይ ሁለት ቆዳ ተደርቦ ጠርዝ ለጠርዝ የተሰፋ ነው።

ርዝመቱን ሲለኩ ማህደሩንና የካዝናውን ኪስ ታጥቀው ይለኩ። ባዶ ወገብ ላይ ልክ የሆነ ቀበቶ ማህደር ሲገባበት የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ይደርሳል። ዘለበቱ ደግሞ በስህተት ሲነካ የሚፈታ መሆን የለበትም፤ ሆድ ሲጎነበስ ተጭኖ የሚከፈተውን የፕላስቲክ ዓይነት ከመግዛትዎ በፊት ታጥቀው ቁጢጥ ብለው ይፈትኑት።

ማህደሩን የት ጋ ልታጠቅ?

በሚተኩሱበት እጅ በኩል፣ የሱሪው የጎን ስፌት ላይ ወይም ከስፌቱ አንድ ጣት ወደ ኋላ። እጅዎን ዝም ብለው ሲለቁት መዳፍዎ ከሚያርፍበት ብዙም አይርቅም፤ ሲመዙ አፈሙዙ መሬትንና ዒላማውን እንጂ ሰውን አያይም።

በጀርባ በኩል መታጠቅ ሁለት ጉዳት አለው። ወደ ኋላ የወደቀ ሰው አከርካሪው ሥር ብረት ይጠብቀዋል፤ ሽጉጡን ሲመልስ ደግሞ አፉን ማየት አይችልም። በብብት ስር የሚንጠለጠለው አፈሙዙ ከኋላ የቆመውን ሰው ያያል፣ ሲመዘዝም ጎን ለጎን የተሰለፉትን ሁሉ ያልፋል። በጭን ላይ የሚታሰረው በሚሮጥ ሰው ላይ ይዘላል። በሱሪው ውስጥ የሚገባው ለጀማሪ አይደለም፤ ሸሚዝ አብሮ የሚገባው እሱ ላይ ነው።

ሴት ሰልጣኞች ላይ የሚታይ አንድ የተለመደ ችግር አለ። ዳሌ ወደ ውጭ ሲሰፋ የማህደሩ ታች ይገፋል፣ እጀታው ወደ ጎድን አጥንት ይዘምማል፤ ሽጉጡን ለማውጣት ክርን ትከሻ ድረስ መነሳት ግድ ይሆናል። መፍትሔው ከቀበቶው 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎና ትንሽ ከአካል ራቅ ብሎ የሚቀመጥ ማህደር ነው። የቀበቶ ማሳለፊያ ያለው ሱሪ ይልበሱ፤ ላስቲክ ወገብ ያለው ሽጉጥ አይሸከምም።

ግራኝ ነኝ፤ የቀኙን ገልብጬ ልጠቀም?

አይሆንም። የቀኝ ማህደር ወደ ግራ ሲዞር እጀታው ወደ ፊት ይዞራል፣ መዳፍም ተጣሞ ይገባል። የግራ ማህደር ማግኘት ያስቸግራል፤ ቆዳ ሰፊ ጋ ማሠራቱ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው በግራ ጎኑ ስለሆነ የቀኝ እጅ አውራ ጣት በቀላሉ ያገኘዋል፤ ግራኝ ግን በጠቋሚ ጣት ወይም በሌላ እጅ ነው የሚያነሳው። ይህን ለአሰልጣኙ በመጀመሪያው ሰዓት ይንገሩ፤ የሚቆሙበትን ቦታም ሊቀይርልዎ ይችላል፣ ቀለሁ ወደ ቀኝ ስለሚወጣ።

ስንት ካዝና ይበቃኛል? ኪሱስ?

ለሽጉጥ ሦስት፤ አንዱ ሽጉጡ ውስጥ፣ ሁለቱ ኪስ ውስጥ። ማካሮቭ 8 ይይዛል፤ በሁለት ካዝና ብቻ የመጣ ሰልጣኝ ግማሽ ጊዜውን ጥይት በመሙላት ያሳልፋል፣ ሌሎቹም ቆመው ይጠብቁታል። ብራውኒንግ ሃይፓወር 13፣ ግሎክ 17 ደግሞ 17 ስለሚይዙ ሁለትም ያስኬዳል፤ ሦስት ግን አይከፋም።

እያንዳንዱ ካዝና ታች ላይ በቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉ። ሽጉጥ ደጋግሞ ሲነክስ (ጥይት ሲያዝበት) ሰው መሣሪያውን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የላላ ስፕሪንግ ያለው ወይም ከንፈሩ (ጥይቱ የሚወጣበት የአፉ ጠርዝ) የተጣመመ አንድ ካዝና ነው። ቁጥር ካለው በሁለተኛው ዙር ይታወቃል።

ኪሱ ከማህደሩ በተቃራኒ ጎን፣ ከጎን ስፌቱ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ካዝናው አፉ ወደ ታች ሆኖ ይገባል፤ የጥይቶቹ ጫፍ ወደ እምብርት በኩል ይይ። ያኔ እጅ ሲወርድ ጠቋሚ ጣት በካዝናው ፊት ላይ ተዘርግቶ ይያዛል፣ ሳያዩም ወደ እጀታው ይመራል። አፉ ወደ ታች መሆኑ ለአዳማ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነፋሱ የሚያመጣው አሸዋ ጥይቶቹ መሃል አይገባም። የካዝናው አንድ ሦስተኛ ከኪሱ በላይ መውጣት አለበት፣ አለዚያ መያዣ ያጣል። እዚያው ኪስ ውስጥ ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም ሞባይል አይጨምሩ።

የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ ከእጀታው ግርጌ ነው። ካዝናው በራሱ አይወድቅም፤ በእጅ ተስቦ ይወጣል። ባዶውን የሚጥሉበት ሰፊ የሱሪ ወይም የጃኬት ኪስ ያዘጋጁ፣ ወደ ሙሉዎቹ ኪስ ግን አይመልሱት።

ክላሽ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። 30 ጥይት የሞላ የብረት ካዝና 800 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሦስቱን በአንድ ወገብ ከታጠቁ ሱሪ ይወርዳል። ወይ በትከሻ ማንጠልጠያ የሚደገፍ ኪስ ይፈልጉ፣ ወይ አንድ መሣሪያው ላይ አንድ ኪስ ውስጥ አድርገው ሌላውን ጠረጴዛ ላይ ይተዉት።

የጠመንጃ ማንገቻ ምን ዓይነት ይሁን?

ከፊትና ከኋላ ሁለት ቦታ የሚያያዝ፣ ወርዱ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ የሚቀንስና የሚጨምር። ሲባጎ ወይም የፕላስቲክ ገመድ ቋጥረው የሚያነግቱ ጠባቂዎች ብዙ ናቸው። ገመድ ትከሻ ይቆርጣል፤ ከዚህም የሚብሰው ቋጠሮው ሳይታወቅ እየሾለከ መምጣቱ ነው። የሚወድቀውም ሰው ቁጢጥ ሲል ወይም ከባጃጅ ሲወርድ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት አንዱን ጫፍ በእግርዎ ረግጠው ሌላውን በሁለት እጅ በሙሉ ኃይልዎ ይሳቡ። ስፌቱ ከተከፈተ ወይም መንጠቆው ከተለጠጠ እዚያው ይተዉት። ቤት ሲደርሱ ባዶ ጠመንጃ አንግተው ይጎንበሱ፣ ይቀመጡ፣ ይነሱ። ሰደፉ ጉልበት ጀርባ የሚመታ ከሆነ ማንገቻው ረዝሟል። አፈሙዙ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፤ ሜዳው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት መያዝ አለበት።

ልብስ፣ ጆሮ፣ ዓይን?

የተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ በዚህ መጠን ጆሮ በአንዲት ተኩስም ሊጎዳ ይችላል፣ የጠፋው መስማትም አይመለስም። ጥጥ መወተፍ መከላከያ አይደለም። ስፖንጁን መክተቻ በጣት አሹረው ያቅጥኑ፣ በሌላው እጅ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይክተቱት፣ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ይያዙት። ሜዳው ቆርቆሮ ክዳን ካለው ከላይ ሁለተኛ መከላከያ ይጨምሩ። መነጽሩ የማይሰበር ፕላስቲክና ጎን ለጎን የሚሸፍን ይሁን፤ ተራ የፀሐይ መነጽር ተሰብሮ ራሱ አደጋ ይሆናል፣ አቧራውንም አይከለክልም።

አንገቱ የተዘጋ ሸሚዝና ቆብ ይልበሱ። የጋለ ቀለህ ደረት ውስጥ የገባበት ሰው ሽጉጥ እንደያዘ ዞሮ ይዘላል፤ ከቃጠሎው ይልቅ ዙረቱ ነው የሚያስፈራው። የጃኬት ወገብ ላይ የሚንጠለጠሉ ገመዶችንና የፕላስቲክ ማጥበቂያዎቻቸውን ቆርጠው ይጣሉ። ሽጉጥ ሲመለስ ምላጭ ቀለበት ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች ግንባር ቀደሞቹ እነሱ ናቸው።

ጥይትና የባሩድ ጭስ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ እኛ ደግሞ በእጅ ነው የምንበላው። ምሳ ይቅርና አንድ ጭብጥ ቆሎ ከመቆርጠምዎ በፊት እጅና ፊትዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ስልጠናውን ከወሊድ በኋላ ታድርገው። ጡት የምታጠባም ሐኪም ታማክር፤ ልብሷን ሳትቀይርና ሳትታጠብም ሕፃኑን አትቀፍ።

ሽጉጡን ወደ ማህደር ስመልስ ምን ልጠንቀቅ?

ጠቋሚ ጣትዎ ከምላጩ ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ተዘርግቶ ይቆይ። በግራ እጅዎ ሸሚዝና ጃኬቱን ከማህደሩ አርቀው ደረትዎ ላይ ያስቀምጡት። አፉን በዓይንዎ ይዩ። መዶሻው ውጭ የሚታይ ሽጉጥ ላይ አውራ ጣትዎን መዶሻው ላይ ጫን አድርገው ቀስ ብለው ያስገቡ፤ እንደ ማካሮቭ ባለው ሽጉጥ የሆነ ነገር ምላጩን ከነካው መዶሻው ሲነሳ በጣትዎ ይሰማዎታል። ከተያዘ አይግፉት። አውጥተው አፈሙዙን ወደ ዒላማው መልሰው ምን እንዳለ ይዩ። ቶሎ የመለሰ ሰው ሽልማት የለውም፤ አሰልጣኙ ቢያጣድፍዎ እንኳ እዚህ ላይ አይጣደፉ።

ቤት ውስጥ መለማመድ ከፈለጉ ጥይቱ በሙሉ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ካዝናውን አውጥተው ሽጉጡን በዓይንም በጣትም ሁለት ጊዜ ይፈትሹ፣ ከግንብ ፊት ለፊት ይቁሙ፣ ልጆች ከቤት ይውጡ። ሃያ ጊዜ ቀስ ብሎ መመለስ ለመጀመሪያ ሳምንት ይበቃል።

አቧራውን ምን ላድርገው?

በበጋ የአዳማ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ ማህደር ውስጥ ይቀመጥና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፍቃል። ከየስልጠናው በኋላ ማህደሩን ገልብጠው መዳፍዎ ላይ ያንኳኩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥጉን ይጥረጉ። ውስጡን ዘይት አይቀቡ፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ቆዳንም ያለሰልሳል።

ዕቃውን ይዤ ስሄድ ሕጉ ምን ይላል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ይደነግጋል። ፈቃዱን ዋናውን ይያዙ። ወደ ሜዳ ሲሄዱ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተዘጋ ቦርሳ፣ ጥይቱ ለብቻው፣ ማህደሩም ባዶ ይሁን። ፍተሻ ካለ እጅዎን ወደ ቦርሳው ሳይሰዱ በቃል አስቀድመው ይናገሩ። ሜዳው ላይ ደግሞ ቦርሳው የሚከፈተው አሰልጣኙ ባሳየው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። የሠራዊቱን መለዮ የሚመስል ዥጉርጉር ትጥቅና ልብስ አይግዙ፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ይበቃል።

ማህደሩ ማርጀቱን በምን አውቃለሁ?

በአልጋው ፈተና ሽጉጡ መውደቅ ሲጀምር፣ አፉ በራሱ መታጠፍ ሲጀምር፣ የምላጩ ቦታ በአውራ ጣት ሲጫን መስመጥ ሲጀምር። እነዚህ አይጠገኑም፤ ይጣላል። ክር መበጠስ ግን ይጠገናል። ሰም የተቀባ ወፍራም ክርና ወስፌ ያለው ጫማ ሰፊ ሁለት ረድፍ አድርጎ ይሰፋዋል። ልኩን ለማሳየት ሽጉጡን ይዘው አይሂዱ። ባዶውን ሽጉጥ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ አጋድመው ዙሪያውን በእርሳስ ይሥሩ፣ ውፍረቱንም በሚሊ ሜትር ጎኑ ላይ ይጻፉና ካርቶኑን ቆርጠው እሱን ይውሰዱለት።